የሩቁ ባሕርና የእኛ ክረምት

በብቸናና በሞጣ ዝናብ ሲዘገይ «ክረምቱን ምን ነካው?» እንባባላለን። መልሱ አንዳንዴ ሩቅ ነው።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሞቃት ውኃ ከላይ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ እዚያ ሲቀዘቅዝ ይከብድና ይሰምጣል፤ በጥልቁም ወደ ደቡብ ይመለሳል። መጠኑ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህ ዝውውር በጣም ሲደክም ሰሜኑ ይቀዘቅዛል፤ የዝናቡም መቀነት ወደ ደቡብ ይሸሻል።

ይህ በእኛው አገር ታይቷል። ከ16 ሺህ ዓመታት በፊት፣ ዝውውሩ በተዳከመበት ዘመን፣ ጣና ሐይቅ ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ደለል መስክሯል።

ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝውውሩ ያለማቋረጥ በመሣሪያ ይለካል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚመረምረው የመንግሥታቱ የጋራ የሳይንስ ጉባኤ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በዚህ ምዕተ ዓመት የመዳከሙ ዕድል በጣም ከፍተኛ እንደሆነ ገምቷል፤ ምን ያህል እንደሚዳከም ግን ገና አልተቆረጠም።

እንግዲህ የአንድ ዓመት ድርቅ ሲመጣ በዚህ አናሳብብ። የ2015 እ.ኤ.አ. ድርቅ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ኤልኒኖ ጋር የተያያዘ ነበር። ይህኛው ግን የልጅ ልጆቻችን ጉዳይ ነው። እርከኑን እንሥራ፣ ዛፉን እንትከል፣ ምንጩን እንጠብቅ፤ ዱዓችንም ከሥራችን አይለይ። አላህ ክረምታችንን የራሕመት ያድርግልን። አሚን።