ክረምት ሲገባ ተቅማጥ ለምን ይበዛል? የውሃ ዑደትና የምንጠጣው ውሃ

ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣል ሲጀምር ተቅማጥ የያዛቸውን ሕፃናት ያዘሉ እናቶች ወደ እኛ ይመጣሉ። «የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ «የምንጭ ነው፤ ኩልል ያለ ነው» ይሉኛል። ኩልል ማለቱ እውነት ነው። ጀርም ግን በዓይን አይታይም።

ፀሐይ የባሕርን፣ የሐይቅንና የእርጥብ መሬትን ውሃ ወደ እንፋሎት ትለውጣለች፤ ዕፅዋትም በቅጠላቸው እንፋሎት ያወጣሉ። እንፋሎቱ ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል፤ የድስት ክዳን ላይ ጠብታ እንደሚቋጠረው ማለት ነው። በክረምት እርጥቡ አየር የጎንደርን ደጋ ሲያገኝ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ውሃ ሲተን ጨውን፣ አፈርንና ጀርምን ትቶ ስለሚሄድ ዝናቡ ከደመና ሲወርድ ንጹህ ሊባል ይችላል። የሚበከለው እኛ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው።

በቁስቋም፣ ከእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍራሽ በላይ ባለው ዳገት የሚዘንበውን ዝናብ ያስቡ። ከፊሉ ወደ ቀሃ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ መገጭ፣ ጣናና ዓባይ ይሄዳል። ከፊሉ ተመልሶ ይተናል። የቀረው መሬት ውስጥ ሰርጎ ዝቅ ካለ ቦታ በምንጭ ይወጣል። ጥቅጥቅ ያለ አፈር ውሃን ቀስ አድርጎ ያጣራል። የአካባቢያችን ዓለት ግን ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረና ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ፣ ውሃው በቂ ሳይጣራ ሊያልፍ ይችላል። በበጋ ሜዳ ላይ የተጠራቀመውን የሰውና የከብት ዓይነ ምድር የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ወደ ምንጩ ይወስደዋል። ታይፎይድ፣ አሜባና ጃርዲያ የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ሲቆፍሩ ከምንጩ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይሁን።

የቧንቧ ውሃ ተጠቃሚዎችም ሙሉ በሙሉ አይዘናጉ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ መስመሩ ባዶ ስለሚሆን በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ጄሪካኑም መታጠብ አለበት።

ማፍላት አስተማማኝ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ካልተቻለ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይጠቀሙ፤ ውሃው ከደፈረሰ አስቀድመው በንጹህ ጨርቅ ያጥልሉት። የታከመውን ውሃ ከድነው ያስቀምጡ፤ ጣሳ እየነከሩ ሳይሆን እየቀዱ ይጠጡ።

ልጅዎ ተቅማጥ ከያዘው ጡት አያቋርጡ። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ይስጡት። ዚንክ ከታዘዘለት ተቅማጡ ቢቆምም ይጨርሰው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ሰገራው ደም ካለው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ ከሆነ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል፣ አዋቂም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ኦአርኤሱን መንገድ ላይም እያጠጡ ይሂዱ።