በወህኒ ቤት የድረ ገጽ ትምህርት

ሳን ኩዌንቲን በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1852 የተከፈተ ወህኒ ቤት ነው። «ዘ ላስት ማይል» የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ ስፍራ ለእስረኞች የድረ ገጽ ሥራ ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ እስረኞቹ ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ አልተፈቀደላቸውም። ታዲያ ትምህርቱ እንዴት ተቻለ?

ድረ ገጽ በመሠረቱ ጽሑፍ ነው። ሠሪው ርእሱን፣ አንቀጹንና ሥዕሉን በልዩ ልዩ ምልክቶች ይለያል፤ ማሰሻ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ምልክቶቹን አንብቦ ገጹን በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ያሳያል። ጽሑፉና ማሰሻው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ እስካሉ ድረስ ከውጭ የሚመጣ መስመር አያስፈልግም። ስለሆነም ተማሪው የጻፈውን ወዲያው አይቶ ስሕተቱን ያርማል። የሚቸግረው ሌላ ነው፤ ይኸውም በውጭ ያለ ባለሙያ ግራ ሲገባው መልሱን ከኢንተርኔት ሲፈልግ፣ እስረኛው መጽሐፍ መግለጥ ወይም ጓደኛውን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ይህ ግን ጉዳት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከባዱ ፈተና የሚመጣው ከእስር ከተፈቱ በኋላ ነው። ብዙ ቀጣሪዎች ከሙያው ይልቅ የወንጀሉን መዝገብ ያስቀድማሉ። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የጸናው ሕግ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት ቀጣሪ፣ ለመቅጠር ቃል ሳይገባ ስለ ቀድሞ ጥፋት እንዳይጠይቅ በአብዛኛው ይከለክላል፤ ቃል ከገባ በኋላ ግን መጠየቅ ይችላል።