የአክስቴ ጽጌረዳ፣ እጣቢና የሥር ፈንገስ

ደባርቅ የሚገኘው የአክስቴ ሻይ ቤት በር ላይ በዘይት ጣሳ የተተከሉ ስምንት አበቦች ነበሩ፤ ጽጌረዳና ጄራኒየም፡፡ ባለፈው የካቲት ለእረፍት ስሄድ አራቱ ደርቀው አገኘኋቸው፡፡ የቀሩትም ቅጠላቸው ጫፍ ጫፉን እሳት የለበለበው ይመስላል፡፡ አፈሩ ላይ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ጋግሯል፡፡ አክስቴ «ዓይን ነው ልጄ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ ነው ያደረቃቸው» አለችኝ፡፡ እኔ ግን ያው የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና መጠየቅ ጀመርኩ፡፡ ምን ነበር የምታጠጫቸው? የብርጭቆ እጣቢ፣ የልብስ ሳሙና ውሃ፣ አንዳንዴም ከዳባት ዘመድ የላከላት አንድ እፍኝ ማዳበሪያ፡፡ ጣሳዎቹ ደግሞ ሥራቸው አልተበሳም፡፡

ነገሩ ጨው ነበር፡፡ ጨው ሲባል ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ብቻ አይደለም፤ ከሳሙናም ከማዳበሪያም የሚቀር ጨው አለ፡፡

እንደሚታወቀው የደባርቅና የዳባት መሬት ጨዋማ አይደለም፡፡ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የክረምቱ ዝናብ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል፡፡ (አፈሩንም ጭምር ይወስደዋል እንጂ! የእኛ አገር ገበሬ እሮሮ እሱ ነው፡፡) የአገራችን የጨው ችግር በብዛት የሚታየው ቆላው ላይ ነው፡፡ በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ አካባቢ፣ በመስኖ ጥጥና ሙዝ ይለማበት ከነበረው መሬት ውስጥ በጨው ምክንያት የተተወ አለ፡፡ ውሃው ይገባል፣ በፀሐይ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፡፡ የአክስቴ ጣሳ እንግዲህ ትንሽ አዋሽ ሆኖ ነበር ማለት ነው፡፡

ለመሆኑ ጨው ተክልን እንዴት ይገድላል? አንደኛ፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ጨው ሲበዛበት ሥር ሊስበው አይችልም፡፡ ጣሳው እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠማል፡፡ ሁለተኛ፣ ሶዲየም የፖታሲየምን ቦታ እየቀማ ይገባል፣ ክሎራይድም ቅጠል ጫፍ ላይ እየተጠራቀመ ያቃጥለዋል፡፡ ጽጌረዳ ደግሞ ጨው ከማይችሉት ወገን ናት፡፡

ይህን ሳነብ ነው ስለ ማይኮራይዛ ያወቅሁት፡፡ ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ሻጋታና ጭርት ነው አይደል? ይሄኛው ግን ባለውለታ ነው፡፡ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣለት ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ሲሆን፣ ትርጉሙ በግሪክኛ «የፈንገስ ሥር» ማለት ነው፡፡ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን በሥሩ ሕዋስ ውስጥ እንደ ትንሽ ዛፍ ይዘረጋል፣ በውጪ ደግሞ ሥር ራሱ የማይደርስበት ድረስ ይዘልቃል፡፡ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል፤ ተክሉ በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ይከፍለዋል፡፡ ክፍያው እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ ውድ ሠራተኛ ነው!

ጨው ሲመጣ ይህ ሽርክና ይጠቅማል፡፡ ፈንገሱ ፖታሲየሙን እየመረጠ ያሳልፋል፤ ከሶዲየሙ የተወሰነውን ክሮቹና ሥሩ ውስጥ ስለሚይዘው ወደ ቅጠል የሚወጣው ይቀንሳል፡፡ በተለያዩ አገሮች በማሪጎልድና በሌሎች የጌጥ አበቦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ፈንገሱ ያለባቸው ችግኞች በጨዋማ አፈር የተሻለ አድገዋል፡፡ ውጤቱ ግን እንደ ፈንገሱ ዓይነትና እንደ ጨው መጠን ይለያያል፡፡ ጨው በጣም ሲበዛ ፈንገሱ ራሱ መብቀል ያቅተዋል፡፡ ስለዚህ ተአምር አድርገው የሚያወሩለትን ሰዎች አልሰማቸውም፡፡

በአገራችን በዚህ ፈንገስ ላይ ብዙ ተሠርቷል፤ እኔ ያነበብኩት ግን ስለ ጨው ሳይሆን ስለ ዛፍ ነው፡፡ ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በጥቁር እንጨት፣ በ2006 ደግሞ በሐበሻ ጥድ ሥር የሚኖሩትን ፈንገሶች በዘረመል ለይተው አሳትመዋል፡፡ ጥድ ማለት ያው የቤተ ክርስቲያኖቻችን ግቢ ዛፍ ነው፡፡ እምሩ ብርሃነና ባልደረቦቹም በ2012 ባሳተሙት ጥናት ውሃ እየቆየ ሲመጣለት ለነበረ የዕጣን ችግኝ ፈንገሱ ውሃ በአግባቡ እንዲጠቀም እንደሚያግዘው አሳይተዋል፡፡ ውሃ ማጣትና ጨው ደግሞ ለሥር የተቀራረቡ ችግሮች ናቸው፡፡ ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ የምናገኘው አስታ ግን ሌላ ዓይነት ፈንገስ ነው የያዘው፡፡ ጎመን ጭራሽ አይቀበለውም፤ ካርኔሽንም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው፡፡

ታዲያ ፈንገሱ ከየት ይገኛል? ደባርቅ ገበያ በፓኬት አላየሁም፡፡ ለዓመታት ካልተቆፈረ ሳር ወይም ከጤነኛ ዛፍ ሥር ከቀጫጭን ሥሮች ጋር የተወሰደ አፈር ውስጥ ግን አለ፡፡ ለማብዛት ያን አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ ሦስት ወር ያህል ገብስ መዝራት፣ ከዚያ ውሃ አቋርጦ ሥሩንና አፈሩን መጠቀም ነው፡፡ ከታመመ ተክል ሥር መውሰድ ግን በሽታውንም ይዞ መምጣት ነው፡፡ ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ማብዛትም አይገባም፤ ተክሉ ሲጠግብ ሽርኩን ይተወዋል፡፡

እኛ ለገብሱ ጊዜ አልነበረንም፡፡ የአራቱን ጣሳ ሥር በምስማር በሳን፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አጠብናቸው፣ ሁለቱ ላይ ብቻ ከጓሮው ሳር ሥር ያመጣሁትን አፈር ጨመርን፡፡ ለፋሲካ ስመለስ አራቱም በሕይወት አሉ፡፡ አፈር የጨመርንባቸው ቀድመው አቆጥቁጠዋል፤ ነገር ግን በሁለት ጣሳ ምንም ማለት አይቻልም፣ ማጠቡ ብቻውን አድኗቸው ይሆናል፡፡ ፈንገሱን ለማየት ሥሩን በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልግ ነበር፡፡ አክስቴ አሁንም «ዓይን ነው» ባይ ናት፡፡ እጣቢውን ግን ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ነው የምትደፋው፤ እዚያ ክረምቱ ያጥበዋል፡፡