ምዕራፍ ስድስት፦ ሙትን ማን ይሸኛል?

ግምጃ ቤት በአዊ ደጋ፣ በአንከሻ ምድር ያለች ከተማ ናት። አንከሻ ከሰባት ቤት አገው አንዱ ነው፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ እንጅባራ ላይ የሚያከብረውን በዓል ብዙ አንባቢ በቴሌቪዥን አይቶታል። በዚህ አገር ፈረስ ከበዓልና ከሠርግ ሌላ ለቅሶም ይወጣል። ስለ ሞት የሚነገሩ እምነቶችን ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

በቀድሞው የደጋ አገር ለቅሶ ስመ ጥር ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጋሻው፣ ጠመንጃውና ልብሱ ወጥቶ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። አልቃሿ ያንን ባዶ ኮርቻ እያየች ሙሾ ታወርዳለች፤ ሰዉ ደረቱን ይደቃል። በኅዳር 1956 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ላይ ተገኝተው ነበር። በዚያም ሰልፍ «ብላክ ጃክ» የተባለ ጥቁር ፈረስ፣ ቦት ጫማ ወደ ኋላ ዞሮ እርካቡ ላይ ተሰክቶለት፣ ያለ ጋላቢ ተስቧል። ትርጉሙ ለደጋ ሰው ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለው ስፍራ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በበረዶ ውስጥ የቆዩ መቃብሮች ሲከፈቱ ፈረሶች ከነመጣብራቸው ከጌቶቻቸው ጋር ተቀብረው ተገኝተዋል። በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ ደግሞ ሄርሞድ የሞተውን ባልደርን ለማስመለስ ወደ ሙታን አገር የወረደው ስምንት እግር ባለው ስሌይፕኒር በተባለው ፈረስ ነው።

እነዚህ ሕዝቦች እርስ በርስ አይተዋወቁም። የሚያገናኛቸው ሟቹ መንገደኛ ነው የሚለው እምነት ነው፤ መንገደኛን ደግሞ ብቻውን መስደድ ያስፈራል። ስለዚህ ግሪኮች ለጀልባ ቀዛፊው ለካሮን የሚከፈል ሳንቲም በሬሳው አፍ ያኖሩ ነበር። ግብፆች በየበሩ ለሚቆሙ ጠባቂዎች የሚባለውን ቃል በፓፒረስ ጽፈው ከሟቹ ጋር ይቀብሩ ነበር።

እኛም የመቃብር መጽሐፍ አለን። «ልፋፈ ጽድቅ» ይባላል፤ ከአስከሬን ጋር ይቀበራል። እንደ መጽሐፉ ትረካ፣ እመቤታችን ስለ ዘመዶቿ ፍርድ አዝና ልጇን ስትለምነው የሚያድኑትን ስውር ስሞች ገለጠላት። እንግሊዛዊው ዎሊስ ባጅ መጽሐፉን በ1929 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የኢትዮጵያ «የሙታን መጽሐፍ» ብሎ ከግብፁ ጋር አስተያየው። የስሞቹ ኃይል በእርግጥ ያመሳስላቸዋል። እኔ ግን ልዩነቱ ይበልጥብኛል፤ የእኛው ከአንዲት እናት ልመና ይነሣል።

ይህ ልዩነት በሚዛኑ ላይ ጎልቶ ይወጣል። በግብፅ አኑቢስ የሟቹን ልብ ከማዓት ላባ ጋር ይመዝናል፤ ልቡ ከከበደ አውሬ ይበላዋል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። በተአምረ ማርያም የሚነገረው በላዔ ሰብእ ደግሞ 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን ውኃ የጠማው ድኃ በማርያም ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሞቶ ነፍሱ ስትመዘን ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውኃ በሌላው ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ጣለችና ውኃው ደፋ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን የሚያከብር ምእመን ይህን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማዋል። ግብፃዊው ከሚዛኑ ፊት የሚቆመው በራሱ ሥራ ነው፤ የእኛ ሟች ግን አማላጅ አለው። ከጥንቱ ዓለም የሚዛን ታሪኮች ሁሉ ይህን የምወደው ስለዚህ ነው።

አማላጅ ካለ ደግሞ የቀሩት ዘመዶችም ሥራ አላቸው። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እየተባለ ይቆጠራል። አርባውን የግሪክና የሩሲያ ክርስቲያኖችም ያስባሉ፤ የቲቤት ቡድሂስቶች እስከ አርባ ዘጠኝ ቀን ለነፍስ ያነቡላታል። ለተዝካር ሲባል በሬውን ሸጦ ባለዕዳ የሚሆን ገበሬ ያሳዝነኛል፤ ለነፍስ የሚጠቅመው ጸሎትና ምጽዋት መሆኑን ካህናቱ ራሳቸው ያስተምራሉ።

ከባዱ ለቅሶ አስከሬን የሌለበት ነው። መርዶው ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ይነገራል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሚቀበር ግን የለም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ በሊቢያ የገደላቸው ኢትዮጵያውያን ወሬ ሲሰማ አዲስ አበባ ጨርቆስ ሰፈር ድንኳን ተተክሎ በፎቶግራፍ ፊት ተለቀሰ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሰማዕታት አለቻቸው። በረሃና ባሕር ለሚያስቀራቸው ስደተኞችም ፍትሐት ይደረጋል። ለጸሎቱ የሚያስፈልገው የክርስትና ስም ነውና ቤተሰቡ ስሙን ለካህኑ ይሰጣል።