ተጨማሪ መረጃ፦ በዋልካ አፈር የሚቀበር ቧንቧ

የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ፣ ክረምት ሲገባ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ያለው ስለ ሆነ፣ በዚያ ባለችው በወረታ ከተማ ቤት የሚሠራ ሰው፣ አፈሩ ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው እንዳይላቀቅ፣ ቧንቧውን ከመቅበሩ አስቀድሞ የመጋጠሚያውን ጠባይ ሊመረምር ይገባዋል። ፒፒአር የተባለው የፕላስቲክ ቧንቧና መጋጠሚያው በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጋለ ማሽን ለስልሰው፣ ሳይጠማዘዙ ቀጥ ብለው ሲገናኙ፣ ሁለትነታቸው ቀርቶ ፍጹም አንድ አካል ይሆናሉ፤ ለ20 ሚሊሜትር ቧንቧ 5 ሴኮንድ ያህል ማጋል ይበቃል፣ ከልክ ካለፈ የቀለጠው ፕላስቲክ የውኃውን መተላለፊያ ያጠበዋል። ሌላው ዓይነት፣ ተገፍቶ የሚገባው መጋጠሚያ፣ መብራት ባይኖርም ይገጠማል፤ ነገር ግን ውኃውን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ስለ ሆነ፣ የቧንቧው ጫፍ ከተጫረ ወይም ጭቃ ከነካው ያንጠባጥባል። ስለዚህ የሚቀበረው በሙቀት ይጋጠም፤ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተገፍቶ የሚገባው ይበቃል። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ግን ቧንቧው ውኃ ተሞልቶ ይፈተን።