ዘይላ፦ ትንሽ ወደብ፣ ሰፊ ስም



ግምጃ ቤት ላደግነው፣ ዘይላ በመንግሥት ትምህርት ቤት የምትታወቀን የሲራራ ንግድ መዳረሻ ሆና ነው። በመድረሳ ደግሞ «አዝ-ዘይለዒ» የሚል ስም ከዑለሞች ተርታ እንሰማለን። ሁለቱ የሚያመለክቱት አንዲት ከተማ ነው።

ዘይላ በዛሬዋ ሶማሊላንድ የባሕር ዳርቻ ትገኛለች። ከኢፋትና ከሌሎች ሙስሊም ሱልጣኔቶች የሚወርደው ንግድ በእርሷ በኩል ወደ ባሕር ይሻገር ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል-ዑመሪ እንደጻፈው፣ ግብፅና ሻም ውስጥ ሰባቱ የሐበሻ ሙስሊም ግዛቶች በጅምላ «የዘይላ አገር» ይባሉ ነበር፤ ዘይላ ግን ከባሕር ዳር ከተሞቻቸው አንዷ ብቻ ነበረች። በዚያው ዘመን የጎበኛት ኢብን በጡጣ የገበያዋን ትልቅነት መዝግቧል፤ የዓሣውና የሚታረደው ግመል ሽታ ግን አስመርሮት መርከብ ላይ አድሯል።

ገበያው አልፏል፤ ስሙ በዒልም ቀርቷል። በ762 ሂጅራ ካይሮ ያረፉት ኢማም ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ «ነስቡ ራያ» በተሰኘው ኪታባቸው፣ የሐነፊ ፊቅህ መጽሐፍ በሆነው «አል-ሂዳያ» ውስጥ ያሉትን ሐዲሶች ምንጭ እየተከታተሉ መርምረዋል። ዛሬም የሐዲስ ተማሪ ይህን ኪታብ ይገልጣል።

ታሪካችንን በሁለት ደብተር ከፍለን አንያዘው። የመጣንባት ከተማ ማነስም ለዒልም ሰበብ አይሆነንም።