ጥንቸል ልጇን ጣለች ከማለታችን በፊት

በግቢያቸው ጥንቸል የሚያሳድጉ ሰዎች እናቲቱ በወለደች ማግስት የሚያስደነግጣቸው ነገር አለ። ልጆቹ በጭድና በእናታቸው ፀጉር ተሸፍነው ጥግ ይዘዋል፤ እሷ ግን ከወዲያ ሆና ሣሯን ትበላለች፣ ጋደም ትላለች፣ ዞራም አታያቸውም። ቀኑ እንዲሁ ይመሻል። ውሻ ቡችሎቿን፣ ድመት ልጆቿን አቅፋ እንደምትውል ለሚያውቅ ሰው ይህ ጭካኔ ይመስላል። ስለዚህ «ጥላቸዋለች» ይባልና ልጆቹ ከሞቀ ጎጇቸው ተነስተው በካርቶን ይገባሉ፤ ወተት ይሞቃል፣ ሲሪንጅ ይፈለጋል። ይህ ርኅራኄ ከልብ የመነጨ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ግልገሎቹን የሚገድላቸው እሱ ራሱ ነው። ተጣለ የሚባለው የጥንቸል ግልገል አብዛኛውን ጊዜ አልተጣለም። በእውነት የተጣለውም ቢሆን ከወተት በፊት የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ።

ነገሩ እንዲገባን ከጥንቸሏ ዘር መነሳት ይሻላል። የቤት ጥንቸል የተገኘችው በደቡብ ምዕራብ አውሮፓ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሚኖረው የዱር ጥንቸል ነው። የዱሯ እናት መውለጃዋ ሲደርስ አጭር ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ሣር ታስገባለች፣ ከደረቷና ከሆዷ ፀጉር እየነጨች ታነጥፋለች፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ አፉን በአፈር ደፍና ትሄዳለች። ጥንቸል ከቀበሮ ጋር ተናንቃ ልጇን ማስጣል አትችልም። ጎጆው አጠገብ በቆየች መጠን ጠረኗ አዳኝ ይመራል፤ ስለዚህ የምትጠብቃቸው በመራቅ ነው። ዛሮው፣ ዴነንበርግና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ እናቲቱ የምታጠባው በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ሁለቴ የሚያጠቡ አሉ፤ ጊዜው ግን አብዛኛውን ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። በሳጥን የተወለደችውና ቀበሮ አይታ የማታውቀው የቤት ጥንቸልም ይህን ልማድ አልተወችም።

ልጆቹም ለዚያች አጭር ጊዜ የተሰናዱ ናቸው። ሲወለዱ ራቁታቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው አልተገለጠም፣ ጆሯቸውም ገና አይሰማም። ሆኖም እናታቸው የምትመጣበት ሰዓት ሲቃረብ ከሞቀው ፀጉር ሥር እየወጡ ከላይ ይሰበሰባሉ። እሷ በላያቸው ስትቆም የወተቷ ጠረን ያነቃቸዋል። ይህን ጠረን የሚሰጠውን ንጥረ ነገር በፈረንሳይ ዲዦን ከተማ ቤንዋ ሻልና ባልደረቦቹ ለይተው እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ አድርገዋል። ግልገሎቹ ጭንቅላታቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ጡቱን በሴኮንዶች ውስጥ ያገኙታል፤ ከአንዱ ጥቂት ስበው ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ሆዳቸው እያየነው ይነፋል። እሷ ድንገት ዘላ ትወጣለች፣ እነሱ ይሸናሉ፣ ተመልሰው ጭዱ ውስጥ ይቀበራሉ። ወተቱም ለዚህ ሥርዓት የተሠራ ነው፤ የላም ወተት ቅባቱ ከመቶ 4 ገደማ፣ ፕሮቲኑ ከ3 ትንሽ የሚያልፍ ሲሆን በጥንቸል ወተት ሁለቱም ከ10 በላይ ናቸው። በቀን አንድ ጊዜ መጥባት የሚበቃው ለዚህ ነው። ይህን ሳያይ ያደረ ሰው የሚያየው ቀሪውን ሰዓት ብቻ ስለሆነ ፍርዱ ቢሳሳት አይገርምም።

እንግዲህ እናቲቱ መጣል አለመጣሏን ለማወቅ የሚታየው የልጆቹ ሆድ ነው። ጠዋት፣ እናቲቱን በጥቂት ጎመን ወይም ካሮት ዘወር አድርጎ፣ ጭዱን በቀስታ ገለጥ ማድረግ ይበቃል። የጠባ ግልገል ሆዱ ክብና ወጠር ያለ ነው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ በውስጡ ያለው ነጭ ወተት ይታያል። ያልጠባው ሆዱ የገባ፣ በጎኑ ያለው ቆዳ የተጨማደደ ነው፤ ሲነኩት ይቁነጠነጣል። ለወርቅ ወይም ለቅመም የሚሆን ትንሽ ሚዛን ያለው ሰው በየጠዋቱ ቢመዝናቸው የበለጠ ይረጋገጣል፦ ሲወለድ 50 ግራም ገደማ የነበረ ግልገል በአንድ ሳምንት እጥፍ ሊሆን ይገባል። ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ከሳ ካለ በወንድሞቹ ተገፍቷል ማለት ነው፤ የጠገቡትን ለጊዜው አንስቶ እሱን ብቻውን ማስጠባት ይቻላል። ሁሉም ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ሁለት ጠዋት ከተከታተለ ያን ጊዜ በእርግጥ ችግር አለ።

«የሰው እጅ ከነካቸው እናታቸው ትጠላቸዋለች» የሚለው አባባል ብዙ ሰው እንዳያይ ያስፈራዋል። ለቤት ጥንቸል ይህ አይሠራም። ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎች በየዕለቱ ጎጆ እየገለጡ የሞተ ያነሳሉ፣ የቀሩትን ይቆጥራሉ፤ እናቶቹም ማጥባታቸውን አይተዉም። እጅን ታጥቦ በጎጆው ጭድ ማሸት ካስፈለገ ጥሩ ጥንቃቄ ነው። የሚያስበረግጋት የሰው እጅ ሳይሆን ግርግር ነው፦ የውሻ ጩኸት፣ በየሰዓቱ ሣጥኑን የሚከፍቱ ልጆች፣ ሌሊት የሚመላለስ አይጥ ወይም ድመት።

ሌላው ለስህተት የሚዳርገው ከጎጆው ውጭ በድን መስሎ የሚገኘው ግልገል ነው። እናቲቱ ድንገት ስትወጣ ጡቷን ያልለቀቀ ልጅ አብሯት ተጎትቶ ይወጣና ይወድቃል። ጥንቸል እንደ ድመት ልጇን በአፏ አንጠልጥላ አትመልስም፤ ወድቆ ያየችውን አልፋው ትሄዳለች። ይህ መጥላት አይደለም፤ ዘሯ ጭራሽ የማያውቀው ሥራ ስለሆነ ነው። ግልገሉ ራቁቱን ነው፤ ሙቀቱን የሚጠብቀው ከወንድሞቹ ጋር ተደራርቦ በጎጆው ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ በብርድ ወራት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንዲህ የቀዘቀዘ ግልገል ሰው ሲያነሳው እንደ ድንጋይ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ግን ብዙ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ለብ ያለ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልሎ አጠገቡ ማስቀመጥ፣ ወይም በልብስ ውስጥ ከሰውነት አስጠግቶ መያዝ በቂ ነው፤ የፈላ ነገር ማስጠጋትና እሳት ዳር ማድረግ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ሲሞቅ ወደ ወንድሞቹ ይመለሳል፣ እናቱም በሰዓቷ ታጠባዋለች። የቀዘቀዘ ግልገል ግን በፍጹም ወተት አይሰጠውም፤ ሰውነቱ ሳይሞቅ አንጀቱ አይሠራም፣ መዋጥም ስለማይችል ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ተቃውሞ አለ፦ «50 ግራም የሆነች ነፍስ ምን አቅም ኖሯት ትጠብቃለች? እናቲቱ በእርግጥ ጥላው ከሆነ በመጠበቅ ገደልነው ማለት አይደለም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በቀን አንድ ጊዜ እንዲጠባ የተፈጠረ ግልገል ሙቀቱ ከተጠበቀለት አንድ ቀን ያለ ወተት ማለፍ ይችላል፤ ብርዱ ግን በሰዓታት ይገድለዋል። ቸኩሎ በሲሪንጅ ማጥባት የሚያመጣው አደጋም ከመጠበቁ ይበልጣል። ወተት ባፍንጫው የገባ ግልገል በሳንባ ምች ሊሞት ይችላል፤ የእናቱን ወተት የሚተካ ወተትም በአገራችን ገበያ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ሌሊት እያሞቁ መጠበቅ ችላ ማለት አይደለም።

እናት በእውነት የምትተውበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። የመጀመሪያ ወሊዷ የሆነች ጥንቸል ጎጆ ሳትሠራ በየሜዳው ልትጥላቸው ትችላለች፤ በሁለተኛው ብዙዎቹ ይሻሻላሉ። ጡቷ ቆስሎ ወይም ተቆጥቶ የሚያማት አለች፤ ጡቱ ጠንክሮና ሞቆ ከተገኘ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል። ወተት የሌላት አለች፣ የምትሞትም አለች። ከወለደች በኋላ እንግዴ ልጁን፣ አንዳንዴም የሞተውን ትበላለች፤ በዚህ ጊዜ የደነገጠች እናት በሕይወት ያለውንም ልትነክስ ትችላለች። እንዲህ ያለው ሲያጋጥም እንኳ የመጀመሪያው መፍትሔ ሲሪንጅ አይደለም። እናቲቱ ጤነኛ ሆና ጎጆውን ብቻ የምትሸሽ ከሆነ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በእርጋታ ይዞ ልጆቹ ላይ አቁሞ አምስት አሥር ደቂቃ ማስጠባት በአርቢዎች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብዙዎቹ በራሳቸው ይጀምራሉ። በዚያው ሰሞን የወለደች ሌላ ጥንቸል ካለች ደግሞ ለእሷ መስጠት ይቻላል። የዕድሜያቸው ልዩነት ከሁለት ሦስት ቀን ባይበልጥ፣ በእሷ ጭድ ታሽተው ከልጆቿ ጋር ቢቀላቀሉ ሳትለይ ታጠባቸዋለች። የጥንቸል ጡት ስምንት ወይም አሥር ስለሆነ ቁጥሩ ከዚያ እንዳያልፍ ማየት ነው። አንድ ጥንቸል ብቻ ከማስወለድ ሁለቱን በአንድ ሰሞን ማስወለድ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ካልተቻለ በእጅ ማሳደግ ይቀራል። ጥጃ ያሳደገ ሰው «እንገር ያልቀመሰ እንዴት ይኖራል?» ማለቱ አይቀርም። ጥንቸል በዚህ ከላም ትለያለች፤ በሽታ መከላከያውን ግልገሉ አብዛኛውን የሚያገኘው ገና በማኅፀን ሳለ ነው፣ ስለዚህ እንገር ማጣቱ የሞት ፍርድ አይሆንበትም። ለድመት ልጆች የሚሸጠው የዱቄት ወተት ከተገኘ እሱ ይሻላል፤ ካልተገኘ ተፈልቶ ለብ ያለ የፍየል ወተት፣ ቅባቱን ለማሳደግ ጥቂት ክሬም ጨምሮ። ስኳርና ማር አይገባበትም። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ጊዜ 2 እስከ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ሁለቴ ይበቃዋል፤ በሁለተኛው ሳምንት በየጊዜው 5 እስከ 7 ይሆናል። መርፌ በሌለው ባለ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ግልገሉን በሆዱ አስተኝቶ ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ ከንፈሩ ላይ ጠብታ እያስቀመጡ ራሱ እንዲልስ መተው ነው። በጀርባው አስተኝቶ ማጥባት፣ መግፋት፣ ማስቸኮል አይገባም። ሲጨርስ በእርጥብ ሞቅ ያለ ጥጥ ከሆዱ በታች ቀስ አድርጎ ማሸት ግድ ነው፤ ግልገሉ በዚያ ዕድሜ ሳይነካካ በደንብ ላይሸና ይችላል። ይህን ሁሉ አሟልቶም ብዙዎቹ እንደሚሞቱ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ ለልጆች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ታዲያ ለምን እንደክማለን፣ ተፈጥሮ የጣለችውን ለተፈጥሮ መተው አይሻልም ወይ የሚሉ አሉ። ለዱር እንስሳ ይህ አባባል ትክክል ነው። በደጋው ሜዳ የሚሮጠው የአገራችን የዱር ጥንቸል ፀጉሩን ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወለዳል፤ ሣር ውስጥ ብቻውን ተኝቶ የተገኘ እንደሆነ እረኛው ባለበት ሊተወው ይገባል። የሣጥኗ ጥንቸል ግን የምትወልድበትን ቦታ አልመረጠችም። ሣጥኑ ጠቦ፣ ጭዱ አንሶ፣ ውሻው አስደንግጧት ከሸሸች ያ የተፈጥሮ ፍርድ አይደለም፤ የእኛ ሥራ ነው፣ ኃላፊነቱም የእኛ ነው።

በእጅ ያደገ ግልገል ዓይኑን ከ10 እስከ 12 ባለው ቀን ይገልጣል፤ ከ15ኛው ቀን በኋላ ድርቆሽ መቆርጠም ይጀምራል። አስጊው ወቅት ይኼ ነው። እናቲቱ ስትመጣ በጎጆው ውስጥ ጥቂት ፍግ ጥላ ትሄዳለች፣ ልጆቹም እየቀመሱ ለአንጀታቸው የሚያስፈልጉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ያገኛሉ። ያለ እናት ያደገው ይህ ስለሚጎድለው ተቅማጥ ሊይዘውና ባንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ከጤነኛ ትልቅ ጥንቸል ጥቂት ፍግ ወስዶ በጎጆው ማኖር፣ ድርቆሹን ሳያቋርጡ መስጠት፣ እርጥብ ቅጠልን ማዘግየት ይረዳል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ከመውለዷ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ስለሆነ በ28ኛው ቀን ጨለማና ጸጥ ባለ ጥግ ጭድ የበዛበት ሣጥን ይቀመጥላታል፤ ውሃዋ ሌሊትም አይጎድልም፣ ውሃ ካጣች ወተቷ ይነጥፋል። ወንዱም አስቀድሞ ይለያል፤ በወለደች በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልትፀንስ ስለምትችል፣ ካልተለየ የአሁኖቹ ጡት እንደተዉ ቀጣዮቹ ይደርሳሉ።